ጮክ ብሎ የሚፈራው ሰው

ሰውየው ፈሪ ነው። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ራሱ ቢጠየቅ ከእኔ ቀድሞ ይናገራል። ውሻ አይፈራም። ጨለማ አይፈራም። መርፌ ሲወጋ እንኳ ፊቱን አያዞርም። የሚፈራው ሰው ነው፤ ከሰውም ይልቅ «እስቲ የሠራኸውን ልየው» የሚል ሰው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፍርሃት ያለው መላ ክፍል ዘግቶ ብቻ መሥራት ነው፤ እሱም ጎልማሳነቱን በሙሉ ያሳለፈው እንደዚያው ነው።

ሥራው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ለመድኃኒት ቤት፣ ለትንሽ ትምህርት ቤት፣ ለመለዋወጫ ነጋዴ ይጽፋል። ብቻውን ይሠራል፣ ብቻውን ያበላሻል፣ ያበላሸውንም ደንበኛው ሳይነቃ ብቻውን አስተካክሎ ዝም ይላል። ቢሮ የሚላት ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ያለች፣ መስኮቷ የጎረቤትን ግድግዳ ብቻ የምታይ ክፍል ናት። አብዛኞቹ ደንበኞቹ መልኩን አያውቁትም። ስልክ ሲጠራበት፣ ጥሪው እስኪያበቃ ቁጭ ብሎ ያየውና «ይቅርታ፣ አልሰማሁም፤ በጽሑፍ ቢልኩልኝ» ብሎ ይጽፋል። ውሸታም! ስልኩ እኮ እጁ ላይ ነው።

ሌላም አመል ነበረበት። ሲሠራ ያወራል። ፕሮግራሙን «አንቺ» ይለዋል፤ ይቆጣዋል፣ ይለማመጠዋል፣ ሲብስበት ይቅርታ ይጠይቀዋል። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆንሽ? ትናንት ደህና አልነበርሽ? ኧረ በፈጣሪ፣ አታዋርጂኝ!» እያለ ነው የሚውለው። ሚስቱ የተጋቡ ሰሞን እንግዳ የመጣ መስሏት ሻይ በሁለት ብርጭቆ ይዛ ትገባ ነበር። ኋላ ለምዳዋለች፤ ድምፁ ሲጠፋ ነው እንጂ ሲያወራ አትሰጋም።

አመሉን የወረሰው ከአባቱ ነው። አባቱ ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ማጉያ መነጽራቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ሰክተው ከሰው ሰዓት ጋር ሲጨቃጨቁ ነው ዕድሜያቸው ያለቀው። ያለቀውም እዚያው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደንበኛ መጥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ሽማግሌው ጠረጴዛቸው ላይ አቀርቅረዋል። ሥራ ይዘዋል ብሎ ጠበቃቸው። ሌላም መጣ፤ እሱም «አትረብሻቸው» ተባለና ጠበቀ። ጨዋ ደንበኞች ነበሯቸው፤ ለካ የሚጠብቁት ሬሳ ነው። ልጃቸው ይህን ለሰው አውርቶ አያውቅም። ግን እዚያች ክፍል ውስጥ አንገቱን ባቀረቀረ ቁጥር ትዝ ይለውና ጀርባውን ይበርደዋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ከክፍሉ ያልወጣ ሰው ምን አወጣው? ሚጢ። ሚጢ ልጁ ናት፤ የፊት ጥርሷ ገና የወለቀ። አንድ ቀን ውሃ ሊጠጣ ብቅ ሲል ሳሎኑ ውስጥ ትንሿን ወንበሯን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ለቤቱ ሁሉ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ የጫማ ካርቶን ክዳን አስቀምጣ በጣቶቿ ትደበድበዋለች።

«ምን እየተጫወትሽ ነው፣ ሚጢዬ?»

«እሽሽ! ሥራ ላይ ነኝ።»

«ከማን ጋር?»

ዞር ብላ አየችው። እንዲህ ያለ የሞኝ ጥያቄ ከአባቷ አልጠበቀችም። «ሥራ ከሰው ጋር ነው እንዴ?» አለችና ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች።

ልቡ ስንጥቅ አለ። ውሃውን ሳይጠጣ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ሊዘጋ ሲል እጁ እጀታው ላይ ቀረ። አያትየው፣ አባትየው፣ አሁን ደግሞ ይህቺ! በዚያው ሳምንት ሥራ መፈለግ ጀመረ፤ እየፈለገም ባያገኝ ደስታውን አይችለውም ነበር።

አገኘ። ለክሊኒኮች ፕሮግራም የሚሠራ ቢሮ ነው፤ ፎቅ ላይ፣ የመስታወት በር ያለው፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ወጣቶች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው የሚሠሩበት። ፈተናውን በጽሑፍ አለፈ። ከዚያ ግን ፊት ለፊት መቅረብ መጣ። የቡድኑ መሪ አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ለስላሳ ጫማ የምታደርግና መምጣቷ የማይሰማ ሴት ናት። ወጣቶቹ «ሻለቃ» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች።

«ይህን ያህል ጊዜ ብቻህን ስትሠራ ኖረህ፣ አሁን ምን አመጣህ?» አለችው።

ቤቱ መስታወት ፊት ቆሞ ያጠናው መልስ ነበረው፤ እድገት፣ ልምድ፣ የቡድን ሥራ የሚል። ሁሉም ብን ብሎ ጠፋ። «ልጄ ወደ ግድግዳ ዞራ መጫወት ጀመረች» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ለራሱም አልገባውም፤ ሊነሣና ሊሄድ ነበር።

«በል፣ ለሙከራ ግባ። በሙከራው ጊዜ እንተያያለን» አለችው ሻለቃ።

እንተያያለን! ከቃላት ሁሉ መርጣ ይህን ነው የምትለው? ሰውየው ደረጃውን የወረደው ግድግዳ እየያዘ ነው።

ለሚስቱ ያን ቀን እንዲህ አላት፦ «ከዚህ ካባረሩኝ እዚያች ክፍል እገባለሁ፤ ሁለተኛ አልወጣም። አውቀዋለሁ ራሴን።» እሷም አውቃዋለች፤ ስለዚህ «አይዞህ» ብቻ ብላ ሸሚዙን ተኩሳ ሰጠችው። ከበሩ ሲወጣ ግን «አደራ፣ እዚያ እንዳታወራ» አለችው።

«እብድ ነኝ እንዴ?» አለ። ምሎም ወጣ። ገና የመስታወቱን በር ሲገፋ ከንፈሩን ገጠመ፤ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥም ብዕር ጥርሱ መሃል አስገብቶ ነከሰ። በልቤ ብቻ ነው የማወራው አለ። እንዲያ እያደረገ ሳምንታት አለፉ፤ ምላሱን በማሰሩም ኮራ።

ቢሮው ውስጥ በዕድሜ ከእሱ የሚበልጥ ስለሌለ «ጋሼ» አሉት። ጋሼ እያሉ ደግሞ «አንተ» ይሉታል፤ እንዲህ ነው የዛሬ ልጅ። እኛም ጋሼ እንበለው። ስሙ ግን ፍርሃቱን አባሰበት። ጋሼ የተባለ ሰው ያውቃል ተብሎ ይጠበቃል፤ ጋሼ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ነው የሚውለው። በብቸኝነት ዘመኑ የማያውቀውን ዞሮት ያልፍ ነበር። እዚህ ግን የጻፈው ሁሉ ሌላ ሰው ሳያየው አይወጣም፤ ደንቡ ነው። የጻፈውን በላከ ቁጥር መዳፉ ላብ ያወጣል፣ ሱሪው ላይ ይጠርገዋል።

አጠገቡ የሚቀመጠው ወጣት «ዳባ» ይባላል። ትልቅ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ስለሚውል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል ለማለት ነው ያወጡለት። ጋሼ ከገባ ወዲህ ማዳመጫውን ለምሳ እንኳ ማውለቅ ትቷል። «የእኔን ሰላምታ ላለመስማት ነው» አለ ጋሼ በልቡ፤ አንጀቱ እርር አለ።

ይባስ ብሎ ልጁ ይሰልለዋል። ጋሼ አንድ ነገር ጠፍቶበት ሲጨነቅ፣ ለማንም ቃል ሳይተነፍስ፣ ስክሪኑ ላይ ከዳባ መልእክት ብቅ ይላል፦ «ጋሼ፣ ምናልባት ይቺ ትጠቅምህ ይሆናል።» የላከው ነገር ልክ ጋሼ የጠፋበት ነው! እንዴት አወቀ? ስክሪኔን እያየ ነዋ! ጋሼ ከዚያ ወዲህ ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዘነበለው፤ አንገቱም አብሮ ተጣመመ። መልእክቱ ግን አልቀረም።

ሻለቃም አለች። መጀመሪያ ሰሞን ወደ እሱ ትመጣ ነበር። ኋላ፣ ከወዲያ ጫፍ ተነሥታ ወደ እሱ መራመድ ትጀምርና መንገድ ላይ ቆም ብላ ትመለሳለች። አንዴ አይደለም፤ ደጋግሞ አይቷታል። ሰው ወደ አንድ ሰው ሊሄድ ተነሥቶ የሚመለሰው መቼ ነው? ሊያባርረው ወስኖ ለመናገር ድፍረት ሲያጣ ነው። በዚያ ላይ እሱ ሲገባ ሳቅ ይቆማል። እሱ ቀና ሲል አንዷ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ጋሼ ነገሩን ሁሉ ደምሮ ውጤቱን አወቀው፤ የጻፈውን እያነበቡ ይስቁበታል፣ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅም ውጣ ይሉታል። ቤቱ ሲመለስ ሚጢ ግድግዳዋን ይዛ ትጠብቀዋለች። እያያት እራቱ አይወርድለትም ነበር።

እንግዲህ በዚህ ፍርሃት ላይ ነው ጥፋቱ የመጣው።

ሻለቃ አንድ ቀን በጽሑፍ «ጋሼ፣ ዋናው ሰርቨር ቀርፋፋ ሆኗል፤ ያጨናነቀውን ፈልግልኝ» ብላ ላከችለት። ሰርቨር ማለት የቢሮው ፕሮግራሞች ሁሉ ቀን ከሌት የሚሠሩበት ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ጋሼ ገባበት። እውነቱን እንናገር፣ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው፤ የቆሻሻውን ክምር እየለየ ሲያወጣ ዋለ፤ ያወጣውንም ሁሉ እንደ ደንቡ ለዳባ እያሳየ። ሲመሻሽ፣ ዳባ ወጥቶ ከሄደ በኋላ፣ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አገኘ። ስሟ «ጊዜያዊ» ነው። ማን እንደጻፋት አይታወቅም። ሲያዩዋት ያረጀች ናት፤ በየጠዋቱ ጎህ ሳይቀድ ብድግ ትልና አንድ ነገር አድርጋ ትተኛለች።

ታዲያ ማንን ይጠይቅ? ይህም ይጠየቃል እንዴ ትሉኝ ይሆናል፤ ሻለቃ እኮ ወዲያ ጫፍ ተቀምጣለች። ጋሼም ተነሣ። ጥቂት ተራመደ። ከዚያ «ይህንንም አያውቅም ልትል ነው» የሚል ነገር መጣበት። ውሃ መቅጃው ጋ ሄዶ ያልጠማውን ውሃ ጠጥቶ ተመለሰ። ቤቱ በሚሠራበት ዘመን ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የራሱ ነበር፤ ያላወቀው ነገር ካገኘ ራሱ የረሳው ቆሻሻ ነው፣ ያጠፋዋል፣ አለቀ። እጁም የለመደውን አደረገ። ጊዜያዊ ጠፋች። ሰርቨሩ ቀለል አለው፤ ጋሼም ለመጀመሪያ ጊዜ እያፏጨ ወደ ቤቱ ገባ። ምስኪን!

በማግስቱ የመስታወቱን በር ሲገፋ ቢሮው ተደበላልቋል። ስልክ ይጮኻል። ሻለቃ መሃል ቆማለች፤ ዝግ ያለው ድምፅዋ የበለጠ ዝግ ብሏል፤ ይህ ደግሞ ከጩኸት ይከፋል።

«የጠዋቱ መልእክት ለአንድም በሽተኛ አልሄደም» አለች። «ክሊኒኮቹ ናቸው የሚደውሉት። ‹እንደምን አደሩ፣ መድኃኒትዎን አይርሱ› የሚለው መልእክት ዛሬ ለማንም አልደረሰም። ትናንት መልእክቱን የነካ ማነው?»

ጋሼ ክው አለ። በየጠዋቱ ጎህ ሳይቀድ ብድግ የምትለው ትንሽ ፕሮግራም! ሰማይ ምድሩ ዞረበት፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ» አለ ዳባ። ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አውርዶ ቆሟል፤ ከንፈሩ ደርቋል። «ጽሑፉን ትንሽ አስተካክዬ ነበር። ግን… እንዲህ የሚያደርግ ነገር አልነካሁም። አልነካሁም መሰለኝ።»

«መሰለኝ?» አለች ሻለቃ።

ልጁ አንገቱን ደፋ። ሁሉም ዳባን ያያል፤ ጋሼን የሚያየው የለም። እና እዚህ ላይ የድሮው ሰው መጣ፤ ክፍሉን ዘግቶ ያበላሸውን ደንበኛው ሳይነቃ የሚያስተካክለው ሰው። ከሰርቨሩ መጠባበቂያ ቅጂ ውስጥ ጊዜያዊን ፈልጎ መመለስ ነው፤ ትመለሳለች፣ መልእክቱ ይሄዳል፣ ማንም አያውቅም። ጋሼ ጎበጥ ብሎ ኪቦርዱ ላይ ወደቀ። ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታል። አንድ ቃል ጽፎ ሁለት ጊዜ ያጠፋል። የት ነው ያለችው? ይቺ አይደለችም፣ ያቺ ናት…

ቀስ በቀስ ቢሮው ጸጥ አለ። መጀመሪያ አላስተዋለም። ቀጥሎ የኪቦርድ ድምፅ የሚመጣው ከእሱ ብቻ እንደሆነ ሰማ። ከዚያ ሌላም ድምፅ ሰማ። የሰው ድምፅ ነው። የሚያውቀው ድምፅ ነው።

«…ተመለሽ፣ እባክሽ፣ ውጪልኝ፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ፣ ማንም አላየኝም፤ ቶሎ ልመልስሽና ዝም ልበል። ልጁ ግን? ልጁ ተሳቀቀ እኮ! በኋላ… በኋላ ምን እለዋለሁ? አይ፣ ዝም በል፣ ከተናገርክ ያባርሩሃል፣ ሚጢ ግድግዳዋን…»

ብዕሩ ወለሉ ላይ ወድቋል። ጋሼ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ቀስ ብሎ ዞረ። ሁሉም ቆመው ያዩታል፤ ሻለቃም ዳባም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እኔ… ጮክ ብዬ ነው?» አለ በጣቶቹ መሃል።

አፏን በእጇ የምትሸፍነዋ ልጅ እንደገና ሸፈነች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገባህበት ቀን ጀምሮ፣ ጋሼ» አለ ዳባ።

ደሙ ሲቀዘቅዝ ተሰማው። የመጀመሪያው ቀን! እንግዲያው ሁሉንም ሰምተዋል። ሻለቃ ስትመጣ «መጣች፣ ድረሽልኝ እናቴ፣ ዛሬ ልትበላኝ ነው» ያለውን ሰምተዋል። «ይህ ጆሮ ዳባ ልጅ ጠልቶኛል» ያለውን ሰምተዋል። የሰው ፊት ማየት አቅቶት ወለሉን አየ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» ድምፁ ተሰበረ።

«ማን ይንገርህ?» አለች ሻለቃ። «እኔ ዳባ ይንገረው አልኩ። እሱ እሷ ትንገረው አለ። ይሉኝታ ያዘን። ወደ አንተ ልመጣ ስነሣ ‹መጣች፣ አለቀልኝ› ስትል እሰማሃለሁ። ምን ላድርግ? ፈርተህ ከምትሞትብኝ ብዬ ስመለስ ሰነበትኩ።»

ጋሼ ወደ ዳባ ዞረ። «አንተስ? ሙዚቃህን እየሰማህ እንዴት…»

ዳባ ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ ዘረጋለት። ጋሼ ተቀብሎ ጆሮው ላይ አደረገው። ምንም የለም፤ ጭር ብሏል።

«አንተ ከመጣህ ወዲህ ምንም አላጫወትኩበትም» አለ ልጁ። «የማልሰማህ መስሎህ በነጻነት እንድታወራ ነው። ደግሞ ሲጠፋብህ እሰማለሁ፤ እልክልሃለሁ።»

ጋሼ ማዳመጫውን ይዞ ቀረ። ሲሰልለኝ ነበር ያለው ልጅ! ጠልቶኛል ያለው ልጅ! ያን ልጅ ነው አሁን ቆሞ ሲወነጀል ጀርባውን ሰጥቶት የነበረው። ሆዱ ባባ፤ እንባውም መጣ፤ ትልቅ ሰው ነኝ ብሎ አልደበቀውም። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ትናንት ሲመሽ፣ ሳልጠይቅ» አለ። ይህን ጊዜ ጮክ ብሎ የተናገረው አውቆ ነው።

ሻለቃ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ይህን ያህል ቀርባው አታውቅም፤ ላቡ በጀርባው ወረደ።

«ስማኝ» አለች። «ሰው ያጠፋል። እኔም ከዚህ የባሰ አጥፍቻለሁ። ስላጠፋህ አላባርርህም። ግን ልጁ እየተጠየቀ ተደብቀህ ልትመልሰው ነበር። ሁለተኛ እንዲህ ስትደበቅ ካገኘሁህ፣ ወደ ክፍልህ የምመልስህ እኔው ነኝ። ተግባባን?»

«ተግባባን» አለ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ መልሱ ግን ወጣ።

ጊዜያዊን ዳባ ከጎኑ ሆኖ አብረው አገኟት። ፕሮግራሟ ግን የምትነሣው ነገ ጎህ ሳይቀድ ነው፤ የዛሬ በሽተኞች ዛሬ መድኃኒት መዋጥ አለባቸው። ሻለቃ ስልክ ቁጥሮቹን ለሁሉም አከፋፈለች። «በአፋችን እንነግራቸዋለን» አለች። ለጋሼም ድርሻው ደረሰው።

ስልክ! ጋሼ ስልኩን እንደ ጋለ ብረት ድስት ያዘው። «በጽሑፍ ብልክላቸውስ?» አለ።

«በጽሑፍ የሚደርሳቸውን እኮ ነው ያጠፋኸው» አለችው ሻለቃ። ወጣቶቹ ሳቁ፤ እሱም ባይስቅም አልተቀየመም። የመጀመሪያውን ቁጥር ደወለ፤ እንዳይነሣ እየተመኘ።

ተነሣ።

«ሃሎ?» አሉ፤ የአሮጊት ድምፅ ነው።

«እንደ… እንደምን አደሩ፣ እማማ።»

«እንዴ! አንተ ነህ?» አሉ። «በየጠዋቱ እንደምን አደሩ የምትለኝ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም፣ ማሽን ነው» ሊል ነበር። ከአፉ አልወጣም።

«ዛሬ ዝም ስትለኝ ፈራሁ እኮ፣ ልጄ» አሉ። «ልጆቼ ሩቅ ናቸው፤ እንደምን አደሩ የሚለኝ ሌላ ሰው የለም። ምን ሆኗል አልኩ፤ ወይ እሱ ሞቷል፣ ወይ እኔ ሞቼ ሳላውቅ ቀርቻለሁ። ስልኩን እንደያዝኩ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ። መድኃኒቱንም አልዋጥኩ።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እማማ። መጠየቅ ሲገባኝ ፈርቼ ሳልጠይቅ።»

«ማንን ነው የምትፈራው?»

«ሰው።»

ሳቁበት። «ወይ አንተ! እኔ የምፈራው ሰው ሲጠፋ ነው። በል ቆየኝ፣ ልዋጠው።»

ስልኩ አንድ ነገር ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ ምንም የለም። ጋሼ ጠበቀ። መድኃኒታቸውን እያወጡ ነው አለ፤ ጠበቀ። ዝምታው ረዘመ። አንዳች ነገር ከጀርባው ሽቅብ እየወጣ አንገቱን ጨመደደው። መስኮት ጋ ቆመው የሚጠብቁ ጨዋ ደንበኞች ታዩት። ሥራ ይዘዋል፣ አትረብሻቸው። ጠረጴዛ ላይ ያቀረቀረ ራስ።

«እማማ!» አለ። መልስ የለም። «እማማ! ኧረ እማማ! ይሰሙኛል? እማማ!» ቆሞ ነው የሚጮኸው፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ወድቋል፤ ቢሮው ሁሉ ወደ እሱ ዞሯል፤ ጋሼ ማንንም አላየ።

«ምነው? ምነው ልጄ?» አሉ አሮጊቷ እየተንጠራወዙ መጥተው። «ውሃ ላመጣ ሄጄ እኮ ነው። ዋጥኩት። ምነው እንዲህ ጮህክ?»

ጋሼ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነፈሰ። «ዝም ሲሉኝ ፈራሁ» አለ።

«እንግዲህ እኩል ፈርተናል» አሉት። «ነገም ማሽኑ ይበለኝ፣ ግድ የለም። አንተ ግን አልፎ አልፎ ደውል።»

ሲዘጉት ዳባ የወደቀውን ወንበር አንሥቶ ከኋላው አስቀመጠለት። ጋሼ ቁጭ አለና ቀጣዩን ቁጥር ደወለ።

ማታ ለሚስቱ ሁሉንም ሲነግራት ሳቋን መያዝ አቃታት። «ብዕር ነክሼ ነበር አልክ? አንተ እኮ ጥርስህን ስትታከም እንኳ ከሐኪሙ እጅ ጋር ታወራለህ!» አለችው። ሚጢ ከወንበሯ ላይ ዞር ብላ ስታዳምጥ ቆይታ «አሮጊቷ ፈሩ?» አለች።

«ፈሩ።»

«አንተስ?»

«እኔም ፈራሁ።»

«ነገ ትሄዳለህ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ባይሄድ ይወድ ነበር። ሁሉም የልቡን ሰምተውት እንዴት ፊታቸውን ያያል? «እሄዳለሁ» አላት በመጨረሻ፤ ድምፁ ግን እሷን እንኳ አላሳመናትም።

በማግስቱ የቢሮውን ደረጃ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ላይ አየ፤ ወደ ታች አየ። ታች ያለው በር ክፍት ነው፤ መንገዱ ወደ ቤት ይወስዳል፤ ቤት ውስጥ ያቺ ክፍል አለች። ሁለቱንም ፈራቸው። ግን ታች ያለውን ትንሽ በለጠ አድርጎ ፈራው፤ ስለዚህ ወጣ።

ዳባ ቀድሞት ተቀምጧል። ማዳመጫው ጠረጴዛው ላይ ወድቋል፤ ጆሮው ባዶ ነው። «እንደምን አደርክ፣ ጋሼ» አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ጋሼ ተቀመጠ፣ ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ የትናንት ሥራውን አወጣ። ከንፈሩን ሊገጥም ሞከረ። አቃተው።

«ወይ ጣጣ» አለ ለስክሪኑ። «ዛሬም ፈርቻለሁ። ይቺ መስመር ደግሞ ምን ሆናብኝ ነው? አንቺ፣ ምን በደልኩሽ?»

ሻለቃ ከወዲያ ጫፍ ተነሥታ ወደ እሱ መጣች። መምጣቷን አየ፤ ልቡ መደለቅ ጀመረ፤ «መጣች» አለ። እሷ ግን አልተመለሰችም፤ መጥታ ከኋላው ቆመች።

ዳባም ወንበሩን ጠጋ አደረገ። «እስቲ የሠራኸውን ልየው» አለው።

ጋሼ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ያዘነበለውን ስክሪን ይዞ ወደ እነሱ አዞረው።